የቀኙ ስፒከር

«አባዬ፣ ዘፈኖቹ አምስት ነጥብ አንድ ሆነዋል» አልኩት በስልክ።

«ከስንት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ከስንት ማለት?»

«ከአስር ነው ከመቶ?»

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ነጥብ ሲባል እሱ ጋ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ወዲያው ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ድንገት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እደነግጣለሁ፤ መልሱ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«ከምንም አይደለም» አልኩት።

«ከምንም» አለ ቃሉን እየደጋገመ። «እንግዲህ ከምንም አምስት ካመጣን ምን ይባላል። ቆይ እናትሽን ላገናኝሽ።»

ስልኩን ሲያቀብላት ድምፁ ይሰማኛል። «አምስት ነጥብ አንድ ነው የሰጡን። ለጥቂት ነው ያለፍነው» ይላታል።

«ማነው አምስት የሰጠው?» አለችኝ እናቴ። «አባትሽ እኮ ለሰነፍ ተማሪ እንኳ ከስድስት በታች ሰጥቶ ሲመጣ ራት አይበላም ነበር።»

ለእሷ ማስረዳት ይቀለኛል። አምስት ነጥብ አንድ ማለት ስፒከር ነው አልኳት። ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ነጥብ አንዷ ደግሞ ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተመደበች፣ መሬት ላይ የምትቀመጥ ሳጥን ናት። ድሮ በስቴሪዮ ለሁለት ስፒከር የተሠራው ሙዚቃ አሁን በስድስት ተከፋፍሎ የሚሰማውን ሰው ዙሪያውን ይከበዋል። ሰራውንድ የሚባለው ለዚህ ነው።

«እኛ ሁለቱንስ መቼ አንድ ላይ ሰማናቸው» አለች እናቴ።

እውነቷን ነው።

አባቴ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት፣ ከጀመረም በኋላ ለጥቂት ዓመታት፣ በአንድ የሬጌ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ይጫወት ነበር። አምስት ሆነው ስምንት ዘፈን ያለው አንድ ሸክላ አሳተሙ፤ ከዚያ አንዱ አገባ፣ አንዱ ተሰደደ፣ ሌላውም ሥራ ያዘና ተበተኑ። ሸክላው ወደ ካሴት ተገልብጦ ብዙ ቤት ገባ። እኛ ቤት ግን አገባቡ ለየት ያለ ነበር። እኔ ባደግኩበት ቤት የግራውና የቀኙ ስፒከር አንድ ክፍል ውስጥ ኖረው አያውቁም።

የግራው ሳሎን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ ነበር። የቀኙ ኮሪደሩን ተሻግሮ፣ እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ክፍል ውስጥ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ በላይ ተቀምጧል። አባቴ ሽቦውን በሁለት በር ሥር አሳልፎ፣ በየስንዝሩ በትንንሽ ምስማር ከግድግዳው ጋር አያይዞታል። እናትሽ ስትሠራ እንዳይደብራት ነው ይለኝ ነበር። እናቴም ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የምትነግረው ይህንኑ ነው።

በዚያ ዘመን ስቴሪዮ የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙ አያቅማሙም ነበር። አንዱን መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ይወረውሩታል። በአባቴ ባንድ ሸክላ ላይ ድራሙና ጊታሩ ግራ ናቸው። ኦርጋኑና ሴቶቹ ተቀባዮች ቀኝ ናቸው። ባሱና ዘፋኙ መሃል ስለሆኑ ከሁለቱም ወገን ይሰማሉ። ስለዚህ እኛ ቤት ባሱና ዘፋኙ እንደ ቤተሰብ በሁሉም ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ድራሙና ጊታሩ የአባቴ ብቻ፣ ኦርጋኑና ተቀባዮቹ የእናቴ ብቻ። ሙሉውን ዘፈን መስማት የፈለገ ሰው ኮሪደሩ መሃል፣ ጫማ ከሚደረደርበት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ መቆም ነበረበት። እዚያ ቆሞ የሚሰማ ሰው ደግሞ ከእኔ በቀር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በርጩማዬን እዚያ አስቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። በግራ በኩል አባቴ ደብተር ሲያርም የወረቀቱ መገላበጥ ይሰማኛል። በቀኝ በኩል የስፌት መኪናው ይንጣጣል። በመሃል ሙዚቃው አለ። ብቻዬን ነበርኩ ማለት አይቻልም፤ ከማንም ጋር ነበርኩ ማለትም አይቻልም። ለእኔ ዓይነት ልጅ የሚመች ቦታ ነበር።

ሦስተኛውን ዘፈን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ባንዱ በሙሉ ድንገት ይቆማል። ለአራት ምት ያህል ምንም የለም፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይመለሳሉ። እኛ ቤት፣ በዚያ ፀጥታ ውስጥ፣ ተመልሰው ሊገቡ አንድ ምት ሲቀራቸው፣ አባቴ ሳሎን ሆኖ ያስላል። ሁልጊዜ። ልክ በዚያችው ቅጽበት ከቀኙ ክፍል አንዲት የኦርጋን ድምፅ ብቻዋን «ጣ» ትላለች። ከዚያ የስፌት መኪናው ይቆምና እናቴ በብርጭቆ ውሃ ይዛ በአጠገቤ ወደ ሳሎን ታልፋለች።

ድምፁ፣ ሳሉ፣ ውሃው። ለእኔ ሦስቱም የዘፈኑ አካል ነበሩ። አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ቤት ያንኑ ካሴት ስሰማ ሳሉ ቀረብኝ። ካሴታቸው የተበላሸ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ካደግኩ በኋላ የድምፅ ሥራ ተማርኩ። አሁን በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አለቃዬን ሁላችንም «ፀጥታ» ነው የምንለው፤ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ጣቱን አንስቶ «ፀጥታ» ስለሚል ነው። ስሙን እሱም ለምዶታል፤ ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ፀጥታ ነኝ» ይላል፤ የማያውቁት ሰዎች ይዘጉበታል።

ባለፈው ዓመት የዘፋኙ ልጆች የሟች አባታቸውን ዕቃ ሲያስተካክሉ የሸክላው ዋና ክር አንድ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ዋና ክር ማለት መሣሪያዎቹ ገና ሳይቀላቀሉ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ተቀድተው ያሉበት ነው። አንድ አሳታሚ ስምንቱንም ዘፈኖች እንደገና ማውጣት ፈለገ፤ የድሮው ስቴሪዮ ታጥቦ፣ አዲስ ሰራውንድ ደግሞ ተሠርቶ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲሸጡ። ፀጥታ ሰራውንዱን ለእኔ ሰጠኝ። በራሴ እጅ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። «እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ አባትሽ ያዢው» አለኝ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። በሕይወት ያሉት የባንዱ አባላት ለእያንዳንዱ ዘፈን መፈረም አለባቸው። ያሉት ደግሞ ሁለት ናቸው። ድራም መቺው ካለበት ሩቅ አገር ስምንቱንም ፈርሞ ላከ። አባቴ ሰባቱን ፈረመ። ሦስተኛውን ተወው።

«ለምን?» አልኩት።

«ሰባት ይበቃል።»

«አባዬ፣ ሰው የሚያውቀው እኮ እሱን ነው።»

«ካወቁት ምን ያደርግላቸዋል እንደገና።»

አሳታሚው ሦስተኛው ዘፈን ከሌለ ሥራውን እንደማይፈልገው ነገረን። እስከ ቅዳሜ ድረስ ጊዜ ሰጠን። ፀጥታ አባቴን ወደ ስቱዲዮ ጋብዞ ስቴሪዮውንም ሰራውንዱንም ሊያሰማው አሰበ፤ «ሰምቶ እንቢ ካለ እንቢ ይበል፤ ሳይሰማ ግን አይሆንም» አለ። እኔ ለአባቴ የደወልኩለት ለዚያ ግብዣ ነበር። አምስት ነጥብ አንዱን ያመጣሁት እሱን ለማስደሰት ብዬ ነው።

ያልነገርኩት ነገር አለ። የሦስተኛውን ዘፈን መስመሮች አንድ በአንድ ስከፍት የኦርጋኑን ለብቻው ሰማሁት። አባቴ ሬጌን ሲያስረዳ «ኦርጋን ምቱ ላይ አይመታም፤ በምትና በምት መሃል ነው፤ ሌላው ዝም ሲል ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሬጌ አይጫወት» ይላል። ለተማሪዎቹም፣ እጃቸውን አውጥተው ሳይጠሩ ለሚመልሱት፣ ይህንኑ ይላቸው ነበር። ክሩ ላይ የሃያ ሰባት ዓመቱ አባቴ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በትዕግሥት ይጫወታል። ፀጥታው ይመጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ፣ ማንም ሳይመለስ፣ ብቻውን «ጣ» ያደርጋል። ተሳስቷል። አንድ ምት ቀድሟል።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ክሩ አልተዘጋም ነበር። የዘፋኙ ማይክ የክፍሉን ወሬ ሁሉ ይዞታል። «የቸኮለው ማነው?» ይላል ዘፋኙ እየሳቀ። ሌሎቹም ይስቃሉ። አንድ ሰው «እንድገመው» ይላል፤ አባቴ ነው። ዘፋኙ «ተወው ባክህ፣ ድምፄ ዛሬ እንደወጣ ነገ አይወጣልኝም፤ ይሄኛው ይሁን» ይለዋል። የአባቴ መልስ አይሰማም።

የሳሉ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሽቦው በሁለት በር ሥር ለምን እንዳለፈም ገባኝ። አባቴ ለራሱ ያስቀረው ፀጥታው ያልተሰበረበትን የግራውን ወገን ነው። ስህተቱን ወደ ሌላ ክፍል ልኮ፣ ከዚያም እየተሰማችው፣ በሳል ሲሸፍናት ነው የኖረው።

ድምጿን ስክሪኑ ላይ በማውስ ይዤ፣ ዘግይታ እንድትገባ አንድ ምት ወደ ቀኝ ገፋኋት። ከሌሎቹ ጋር አብራ ገባች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ስቴሪዮውን አልነካሁትም፤ ሰራውንዱ ላይ ብቻ ነው። ለፀጥታ አልነገርኩትም። ሌላ ሰው የቀዳውን ነገር ሳያስፈቅዱ መለወጥ በእኛ ሥራ ትልቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን አባቴ ሲሰማ ሳል እንዳያስፈልገው ፈለግኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም መጡ። አባቴ ሲያስተምር ይለብሰው የነበረውን ግራጫ ኮት ለብሷል። እናቴ ሥራዋን አቋርጣ ስለመጣች የቀሚሷ አንገት ላይ ሁለት ስፒል ተሰክተው ቀርተዋል። ፀጥታ ቆሞ ተቀበላቸው። የምንሰማበት ክፍል ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ፣ መስኮት የሌለው ነው። መሃሉ ላይ አንድ ባለ ክንድ ወንበር አለ፤ ወለሉ ላይ በፕላስተር የመስቀል ምልክት ተለጥፎ ወንበሩ እዚያ ላይ ነው የሚቆመው። ሰራውንድ በትክክል የሚሰማው እዚያ ለተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምልክቱ ላይ» አለ ፀጥታ።

«ልትፈትኑኝ ነው?»

«ውጤቱን ዛሬ እንነግርዎታለን። አምስት ነጥብ አንድን ግን አያልፍም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ነገርሽብኝ ማለቱ ነው። መሬት መሬት አየሁ። እናቴ አጠገቡ ሌላ ወንበር አስጠግታ ተቀመጠች፤ «እኔ የተረፈኝን እሰማለሁ» አለች።

የመጀመሪያውን ዘፈን በሰራውንድ ከፈትኩ። ገና ዘፋኙ ሳይጀምር አባቴ አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ።

«ማነው ከኋላዬ ያለው?»

«ተቀባዮቹ ናቸው» አልኩት።

«ከኋላዬ ቆመው አያውቁም። ከቀኜ ነበር የሚቆሙት። አንዷ እንዲያውም ሁልጊዜ እግሬን ትረግጠኝ ነበር፤ ወፍራም ተረከዝ ነበራት።»

«የትኛዋ?» አለች እናቴ።

«ረሳኋት።»

«ተረከዟን አልረሳህም።»

ፀጥታ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። እየሳቀ ነበር።

እናቴ ትንሽ ቆይታ እጇን አነሳች፤ ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ። «ይሄ የሚንኳኳው ምንድነው?»

«ድራም ነው እማዬ።»

«ድሮም ነበረ?»

«ዘፈኑ ከተቀዳ ጀምሮ አለ» አለ አባቴ።

«ሃያ ዓመት ድራም የሌለው ሬጌ ነዋ ያሰማኸኝ። እኔ በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ ጎረቤት ጣራ ሲጠግን ይመስለኝ ነበር።»

«ሃያ ዓመት የሚጠገን ጣራ የማን ነው?»

«እኔም ይገርመኝ ነበር።»

ፀጥታ በመሃል ወደ ስቴሪዮ ቀየረው። ድምፁ በአንዴ ከፊት ለፊት ተሰበሰበ። ከዚያ ወደ ሰራውንድ፣ እንደገና ወደ ስቴሪዮ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ያነጻጽራል፤ በኮቱ ኪስ ላይ ጣቶቹ ክፍተት ክፍተቱን ይመታሉ። ሲያልቅ ጥቂት አሰበና «ስቴሪዮው ፎቶ ነው» አለ። «ሁላችንም ተደርድረን፣ ፀጉራችንን አበጥረን የተነሳነው። ይሄኛው ደግሞ የልምምድ ክፍላችን ነው። ጊታሩ እዚያ በሩ ጋ፣ ድራሙ እዚህ፣ ባሱ ደግሞ ከወለሉ ነበር የሚመጣው፤ በጫማ ነበር የምንሰማው። አሁንም በጫማዬ መጣ።»

«የቱ ይሻላል?» አለው ፀጥታ።

«ለሰው የሚሰጠው ፎቶው ነው። ለራሴ ከሆነ...» አለና ሳይጨርስ ተወው። አፍንጫውን በመሃረብ ጠራረገ። የሞቱትን ሦስቱን አስቦ እንደሆነ ገባኝ።

ሁለተኛው ዘፈን አለፈ። ሦስተኛው ሊጀምር ሲል አባቴ «ይሄን ዝለዪው» አለኝ።

«እስኪ ስማው አባዬ» አልኩት። ድምፄ ለእኔም ከፍ ያለ መሰለኝ። ከፈትኩት።

የመጀመሪያው አዝማች፣ ሁለተኛው አዝማች። ከዚያ ባንዱ በሙሉ ቆመ። በስድስት ስፒከር የሚሰማ ፀጥታ በሁለት ከሚሰማው ይከብዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ አባቴ አሳለ።

ሳሉ ምንም አልሸፈነም። ባንዱ አንድ ላይ ተመለሰ። አባቴ እጁ አፉ ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ትከሻው ሲወርድ አየሁት፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ደርሶ እንዳስቀመጠ ሰው። የኮቱን የውስጥ ኪስ ዳበሰና ብዕሩን አወጣ።

«ወረቀቱ የታለ?» አለ።

ፀጥታ ወረቀቱን ሊያቀብለው ብድግ ሲል እናቴ «የት ሄደች?» አለች።

«ማን?» አላት ፀጥታ።

«ችኩሏ።»

ፀጥታ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ። «እዚህ ጋ አንዲት የምትቸኩል አለች» አለች ወደ ማሽኑ እየጠቆመች። «ሁሉም ዝም ሲሉ ቀድማ የምትመጣ። ሰረዛችኋት?»

ፀጥታ ዘፈኑን ትንሽ ወደ ኋላ መልሶ ወደ ስቴሪዮ ቀየረው። ፀጥታው መጣ፤ «ጣ»፤ ባንዱ ገባ። ወደ ሰራውንድ ቀየረው። ፀጥታው መጣ፤ ምንም፤ ባንዱ ገባ። ሙዚቃውን አቆመ። ቆሞ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄን ማነው የነካው?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እኔ ነኝ።»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

አባቴ ቀደመኝ፤ «ተዋት። ልክ ነው ያደረገችው። የተማሪ ስህተት ነው የነበረው፤ አረመችው። እኔስ ስንቱን አርሜ የለ።»

«የምን ስህተት?» አለች እናቴ።

«ችኩሏ ያልሻት። ተሳስቼ ነው።»

«ስህተት ነው ያለህ ማነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የመታሁት እኮ እኔ ነኝ። አንድ ምት ቀደምኩ። ባንዱ በሙሉ ስቆብኛል። ሸክላ ላይ ወጥቶ ሰው ሁሉ ቤት ገባ። ትዕግሥት የሌለው አይጫወት እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

እናቴ ስፒል የተሰካበትን አንገቷን ነካ ነካ አደረገች። ስታስብ የምታደርገው ነው። «እኔ እኮ እየጠራኸኝ ነበር የሚመስለኝ» አለች።

«እንዴት?»

«ሁሉም ዝም ሲሉ አንተ ብቻ ትጮሃለህ። የራስህን ወገን ስፒከር እኔ ክፍል ያስቀመጥከው ለዚያ መሰለኝ። እሷ ስትጮህ እግሬን ከመርገጫው አነሳለሁ። ስፌቱ የትም ይድረስ አነሳለሁ። ከዚያ ያስልሃል፤ ውሃ ይዤ እመጣለሁ።»

አባቴ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። «ውሃው...» አለ። «እኔ እኮ ጠምቶኝ አያውቅም። ሃያ ዓመት ያልጠማኝን ውሃ ነው የጠጣሁት።»

«ታዲያ ለምን ትጠጣ ነበር?»

«አንቺ ይዘሽ ትመጫለሻ።»

ፀጥታ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ የት እንደማይ ጠፋኝ።

«ስፒከሩን እዚያ ያስቀመጥኩት ከችኩሏ ሸሽቼ ነው» አለ አባቴ። ይህን የተናገረው ለእናቴ ብቻ ነበር፤ እኛ ክፍሉ ውስጥ የሌለን ያህል። «ሰምተሻት እንዳትስቂብኝ ስል አሳልኩ። አንቺ የሰማሻት አልመሰለኝም ነበር፤ መኪናው ይጮሃል ብዬ።»

«መኪናው ላይ ተቀምጬ ነው እንጂ መኪናው ውስጥ አይደለሁም።»

አባቴ ሳቀ። አጭር፣ ያልጠበቀው ሳቅ ነበር። ከዚያ ከምልክቱ ላይ ተነሳ። «የድሮውን ክፈቺልኝ» አለኝ። «ስቴሪዮውን።»

ከፈትኩለት። ወንበሩን ትቶ በቀስታ ሄደና የቀኙ ስፒከር ፊት ለፊት ቆመ። ጆሮውን አስጠጋ። ካሳተሙት ጊዜ ጀምሮ ራሱን ቆሞ ሲሰማ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ኦርጋኑ ከክፍተት ክፍተት ይገባል፤ ትዕግሥተኛ ነው፤ ልጅ ነው። አዝማቹ አለቀ። ባንዱ ቆመ።

አባቴ በዚያ ቅጽበት ወደ ስፒከሩ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞሮ ነበር። አላሳለም።

«ጣ» አለች ችኩሏ።

የእናቴ ቀኝ እግር ምንጣፉ ላይ ትንሽ ከፍ አለ። ሆን ብላ አልነበረም። ወደ ታች እንኳ አላየችም። ባንዱ ሲመለስ እግሯም ወረደ።

አባቴ አይቷል። ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ብዕሩን ከፈተ።

«መልሻት» አለኝ።

«ወዴት አባዬ?»

«ወደነበረችበት። አራተኛው ላይ። በስድስቱም ስፒከሮችሽ ላይ እንዳትበትኛት ደግሞ።»

«ከቀኝ ብቻ» አለች እናቴ።

«ከቀኝ ብቻ» አለ እሱም፤ ፈረመ። ወረቀቱን ለፀጥታ ሲያቀብለው፣ «ልጄን አትቆጣት፤ እኔ ያላስተካከልኩትን ልታስተካክልልኝ ብላ ነው» አለው።

ፀጥታ ወረቀቱን አጥፎ ያዘ። «ጋሼ፣ አልቆጣትም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ስትነካ ትነግረኛለች።» ወደ እኔ አየ። «ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሃለሁ» አልኩት።

በር ድረስ ሸኘኋቸው። ደረጃው ላይ እናቴ ቆም ብላ «አሁን ያ ነገር ከስንት ነው ታዲያ?» አለችው። አባቴ የደረጃውን ብረት ይዞ እየወረደ፣ «አርማ መልሳ ታምጣው፤ ያን ጊዜ እነግርሻለሁ» አላት።

ሰኞ ጠዋት ፀጥታ አጠገቤ ተቀምጦ እያየ ድምጿን ስክሪኑ ላይ አንድ ምት ወደ ግራ፣ ወደ አራተኛው ምት፣ መለስኳት፤ ከቀኙ ስፒከር ብቻ እንድትሰማ አደረግኩ። ከሰዓት በኋላ ስምንቱም ዘፈኖች ለአሳታሚው ተላኩ።